በካዝና የከረመ ሰዓት

የሰዓት ገማቿ በዚያን ቀን ጠዋት መስኮቱ ጋ ለምን እንደቆመች የቤቱ ሠራተኞች ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ያላወቁ መምሰል ደግሞ ከሥራቸው አንዱ ነው። ከአባቷ የጥንት ሰዓቶች መሸጫ ቤት ፎቅ ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ ሰው፣ ከመንገዱ ማዶ አንዲት ጠባብ ሱቅ ትታየዋለች። መስታወቷ ላይ «ሰዓት እንጠግናለን፤ እናሳምራለን» ተብሎ ተጽፏል። ከመስታወቱ ጀርባ አንድ ወጣት አጉሊ መነጽር አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ይሠራል። ሰፈሩ «ጭምቱ» ይለዋል። ከእሱ አፍ ቃል ለማውጣት ወረንጦ ያስፈልጋል እየተባለም ይቀለድበታል።

ዛሬ ግን አልተቀመጠም። ቆሞ ትናንሽ መሳቢያዎችን እያወጣ በጋዜጣ ይጠቀልላል።

«ሱቁን እያጸዳ ነው» አለች ገማቿ ለራሷ።

ልቧ አላመናትም። ሱቁን የሚያጸዳ ሰው የግድግዳ ሰዓቶቹን አንድ በአንድ አያወርድም። ጭምቱ የመጨረሻውን አውርዶ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እሱ ቀድሞ ዓይኑን ሰበረ። እሷ መጋረጃውን እንደያዘች ቀረች።

* * *

ታሪኩን ከመሐል ለያዛችሁ አንባብያን ነገሩን ከሥሩ እናውጋችሁ።

የጥንት ሰዓት ሰብሳቢዎች አንድ ሕግ አላቸው፤ አትንካ። ፊቱ የወየበ፣ ቁጥሩ የደበዘዘ፣ ጠርዙ የተጫረ ሰዓት ለእኔና ለእናንተ አሮጌ ነው። ለእነሱ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ የኖረ ሐቀኛ ሰዓት ነው። ያንኑ ሰዓት ወስዳችሁ ፊቱን አዲስ ቀለም ብትቀቡት፣ ሰውነቱን ወልውላችሁ ብታብረቀርቁት ከበፊቱ አምሮ ይወጣል፤ ዋጋው ግን ገደል ይገባል። ገማቿ ይህን የምትለይበት ዓይን ነበራት። ቁጥሩ ላይ የብሩሽ ጫፍ አልፎ ከሆነ ታየዋለች። አይታም ካርዱ ላይ በእርሳስ «የተነካ» ብላ ትጽፋለች። ያንን ያነበበ ሰብሳቢ ቀና ብሎም አያይም፤ ወደሚቀጥለው መስታወት ያልፋል። አባቷ በዚህ ዓይኗ ስለሚኮሩ «ሚዛኔ» ነው የሚሏት።

የጭምቱ ኑሮ ደግሞ መንካት ነው። ሙሽራ የአያቱን ሰዓት ይዞ መጥቶ «ሰማያዊ አድርግልኝ» ይለዋል። ጡረታ የወጣች አስተማሪ «ቁጥሩ አልታይ አለኝ፣ አተልቅልኝ ልጄ» ትለዋለች። እሱ አሮጌውን ፊት ገፎ፣ የተፈለገውን ቀለም ቀብቶ፣ ቁጥሮቹን እንደ ቅንድብ በቀጠነ ብሩሽ አንድ በአንድ ይጽፋል። ሰዎቹ እጃቸውን ዘርግተው እያዩ፣ መሬት ሳይረግጡ ከሱቁ ይወጣሉ።

የሁለቱ ቤት ሥራ እሳትና ጭድ ነበር። ቢሆንም አሮጌ ሰዓት መቆሙ አይቀርም፤ ሲቆም ውስጡን የሚጠግን ይፈልጋል፤ ከጭምቱ የተሻለ እጅ ደግሞ በአካባቢው አልነበረም። ስለዚህ ገማቿ ከፋይ የለበሰ ትሪ ይዛ በየሳምንቱ መንገዱን ትሻገራለች። «ውስጡን ብቻ። ፊቱን እንዳትነካ» ትለዋለች። «እሺ» ይላል። የፍቅራቸው መጀመሪያ ይኸው ነው። ወሬ የሚወጣው አይደለም፤ ግን ነገር በዓይን ይገባል።

አንድ ቀን ዝናብ መንገድ ላይ ያዛቸውና ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ታዛ ሥር አብረው ተጠለሉ። ዝናቡ ሊያባራ ሲል ሰማዩ አመድማ ሰማያዊ ሆነ፤ ከታች በኩል ደግሞ ሳሳ ብሎ ነጣ። «ይኼን ቀለም የሚያመጣልኝ ሰው ቢኖር ቀኑን ሙሉ እያየሁት እውል ነበር» አለች፤ ለመናገር ያህል። ጭምቱ ሰማዩን አየ፤ እሷን አየ። ዝናቡ ካባራ በኋላም ከታዛው ለመውጣት አንዳቸውም አልቸኮሉም።

ጭምቱ አባቱ ሲሞቱ የተዉለት የእጅ ሰዓት ነበረው። የገማቿ አባት ይህን ሰዓት በአጋጣሚ እጁ ላይ አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉ። ፊቱ ወተት የመሰለ፣ ዕድሜ ብቻ ያወየበው፣ ማንም ያልነካው፤ ከዓይነቱ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ። «ይህን የያዘ ሰው ደሃ አይደለም» አሉ። ያን ዕለት ፎቅ አውጥተው፣ ሰብሳቢዎች ብቻ በሚቀመጡበት ወንበር አስቀመጡት። ገማቿ ደረጃውን ስትወጣና ስትወርድ ታንጎራጉር ነበር። ሰዓቱ አማላጅ የሆነላት መሰላት።

ከዚያ በኋላ ጭምቱ ሰዓቱን ለብዙ ወራት አላሰረም። በልደቷ ቀን መንገዱን ተሻግሮ መጣና ትንሽ ሳጥን ሰጣት። ከፈተችው። የወየበው ፊት የለም። በቦታው ያ ሰማይ አለ፤ አመድማ ሰማያዊ፣ ወደ ታች ሲወርድ እየሳሳ የሚነጣ። ለወንድ እጅ የተሠራው ሰፊ ሰዓት፣ ማሰሪያው የሚገባበት ጆሮው ተሞርዶ ለእሷ ቀጭን እጅ ጠቧል። ማሰሪያውን እህቱ ከለስላሳ ቆዳ ሰፍታዋለች።

«ምን አደረግከው?» አለች፤ እንባዋ ወረደ።

እንባው ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ የገማች እንባ ነው፤ ሁለተኛ የማይገኝ ሰዓት ዓይኗ እያየ ጠፍቷል። ሌላው የተወደደ ሰው እንባ ነው፤ በዝናብ ውስጥ ያመለጣትን ቃል ሰው ይዞት ከርሞ ቀለም አድርጎ አመጣላት። ጭምቱ የገባው አንደኛው ብቻ ነው። አንገቱን ደፍቶ ደረጃውን ወረደ።

አባቷ ሲሰሙ ቆሌያቸው ተገፈፈ። «የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ!» አሉ። «የገዛ አባቱን ውርስ በገዛ እጁ ያጠፋ ሰው ነገ ልጄን ምን ሊያደርጋት ነው?» የቤቱ ሥራ ለሌላ ጠጋኝ ተሰጠ። ትሪው መንገዱን መሻገር አቆመ።

ገማቿስ? የዚህ ታሪክ ጉድ እዚህ ላይ ነው። እነሱ ቤት የሚወዱት ነገር አይታሰርም። ላብ አለ፤ ፀሐይ አለ፤ የበር እጀታ አለ። የሚሸጠው በመስታወት ይቀመጣል፤ የሚሳሱለት ካዝና ይገባል፤ ከሁሉ በላይ የሚሳሱለት ደግሞ የካዝናው ላይኛ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ገማቿ የጭምቱን ሰዓት እዚያ አኖረችው። በየጠዋቱ ከፍታ ታየዋለች። ውስጡ እንዳይበላ ብላ አትሞላውም። መስታወቱ እንዳይደበዝዝ ትንፋሿን ትይዛለች። ከዚያ ባዶ እጇን ይዛ በሱቁ ፊት ታልፋለች፤ ምን ያህል እንደምትሳሳለት የሚያይላት መስሏት።

ደብዳቤም ጻፈችለት። «ሰዓትህ እኛ ቤት ካሉት ሁሉ በላይ ተቀምጧል። ፀሐይም፣ አቧራም፣ የሰው ዓይንም አያየውም። ሐሳብ አይግባህ።» ይህን ስትጽፍ ጉንጯ ይግል ነበር፤ በእሷ ቤት ቋንቋ «እወድሃለሁ» ለማለት ከዚህ የሚበልጥ ቃል አልነበራትም። ጭምቱ ደብዳቤውን አነበበና «የሰው ዓይንም አያየውም» የሚለው ላይ ቆመ። አፈረችብኝ አለ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ሥራው አጎነበሰ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእሱ ዝምታ ግን ውስጥ ውስጡን በላው።

* * *

ረፋድ ላይ የቤቱ በር ተከፈተና ለዕይታ የተጠሩት ሰብሳቢዎች ገቡ። አባቷ ታች ሆነው ይቀበላሉ። ገማቿ ካርዶቿን ስታስተካክል የቢሮዋ በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። የጭምቱ ታላቅ እህት ናት፤ ማሰሪያ ሰሪዋ። ጣቶቿ ከቆዳ ቀለም የተነሳ ቡናማ ናቸው፤ ምላሷ ከመርፌዋ ይሾላል።

«እትዬ! ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም እመቤት። የአባታችንን ሰዓት ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ገማቿ በእጇ የያዘችው ካርድ መሬት ወደቀ። «ለምን?»

«ወንድሜ ዛሬ ይሄዳል። ሩቅ አገር የአደባባይ ሰዓት የሚጠግን ድርጅት ፈልጎታል። ለሁለት ዓመት ፈርሟል። ግንብ ላይ ሲንጠለጠል ቢያንስ ይኼ መስኮትሽ አይታየውም።»

«ዛሬ? ለእኔ ሳይነግረኝ?»

«ምን ብሎ ይንገርሽ? ዓመት ሙሉ ባዶ እጅሽን እያወዛወዝሽ በፊቱ አለፍሽ። በማግስቱም ያው ባዶ እጅ። 'እታለም፣ ዛሬም አላሰረችውም' ይለኛል ማታ ማታ። እሱ እኮ በሳምንት ይህን ያህል አያወራም!»

«ካዝና ውስጥ ነው እኮ!» አለች ገማቿ፤ ድምጿ ኩራት ነበረበት። «ከላይኛው መደርደሪያ! እዚያ የሚቀመጠው አባባ ለማንም የማይሸጡት ብቻ ነው።»

«እና?»

«እናማ… ከዚያ በላይ ቦታ የለንም።»

እህቱ አፏን ከፍታ አየቻት። «ሬሳ ነው እንዴ ሳጥን የሚገባው? እኔ ያንን ማሰሪያ የሰፋሁት የእጅሽን ልክ በዓይኔ ወስጄ ነው። እንዲታሰር፣ እንዲያልብበት፣ እንዲለሰልስ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ልጁ አንቺን ደስ ሊያሰኝ የአባቱን ሰዓት ፊት ገፎ… አዎ፣ አባቱን ነው የገፈፈው፤ እኔም አልቅሻለሁ… አንቺ ደግሞ ቆልፈሽ ቁልፉን ኪስሽ ትከቻለሽ።»

ገማቿ ቀስ ብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። በባዶ እጇ ያለፈችባቸው ጠዋቶች ሁሉ ፊቷ ላይ ተደረደሩ። እሷ በእያንዳንዳቸው «እወድሃለሁ» ብላ ነበር ያለፈችው። እሱ በእያንዳንዳቸው «አልፈልግህም» ሰምቷል።

«አፈረችብኝ ብሎ ነው?» አለች። «እኔ እኮ… እትዬ፣ እኛ ቤት ሰው የሚቆልፈው ሲሳሳ ነው። ልጅ ሆኜ የምወደውን አሻንጉሊት እንኳ ቆልፌው ነው ያደግኩት።»

እህቱ ቁጣዋን ይዛ ልትወጣ አሰበች፤ አልቻለችም። ተቀመጠች። ወደው አይስቁ፣ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እናንተ ሁለት ጉዶች» አለች። «አንዱ አይናገር፣ አንዷ አታስር። ምን ዓይነት ፍቅር ነው ሰው ካላስተረጎመው የማይገባው?»

ገማቿ የካዝናውን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ በሁለት እጇ ጨብጣው ነበር፤ የገዛ ቁልፏ አስጠላት።

* * *

ከላይኛው መደርደሪያ አወረደችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿን አልያዘችም። መስታወቱ ደበዘዘ፤ በአውራ ጣቷ ጠረገችው። በቢሮዋ የግድግዳ ሰዓት ልክ ካስተካከለችው በኋላ ቀስ ብላ ሞላችው። ሰዓቱ መጀመሪያ ዝም አለ። ደግማ ስትሞላው ሰኮንድ ቆጣሪው ደንገጥ እንዳለ ሰው ተነሳና መሄድ ጀመረ። ማሰሪያው ደረቅ ነበር። እህቱ ጎንበስ ብላ ቆለፈችላት፤ ልኳ ነበር።

ወደ ውጭ የሚያስወጣው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በዕይታው አዳራሽ መሐል። ገማቿ ደረጃውን ስትወርድ የሰብሳቢዎቹ ዓይን እንደልማዱ ከፊቷ በፊት እጇ ላይ አረፈ። እነዚህ ሰዎች ሰላም የሚሉት የእጅ ሰዓት አይተው ነው።

«ኧረ ይኼን ቀለም!» አለ አንዱ መነጽሩን እየፈለገ። «ከየት የመጣ ነው? የፋብሪካው ፊት ነው?»

አባቷ ከመስታወቱ ዞር አሉ። ሰዓቱን ለዩት። ፊታቸው ተለወጠ።

«ሚዛኔ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ወደ በሩ ሄደው ከፊቷ ቆሙ። «አውልቂው። ሰው ፊት ነን።»

«አላወልቅም አባባ።»

«የዚህ ቤት ገማች የተነካ ሰዓት አስራ ወጣች ሊባል ነው? ነገ ካርድሽን ማን ያምነዋል?»

ገማቿ ግን ሥራዋን የምታውቅ ሴት ነበረችና፣ ሲጨንቃት ወደ ሥራዋ ሮጠች። እጇን አነሳች።

«እንግዲያው ልገምተው» አለች፤ ሁሉም እንዲሰማ። «የፋብሪካው ፊት ተገፏል፤ ኦሪጅናል ቀለም አንድ ጠብታ የለውም። ጆሮው ተሞርዷል። ሰውነቱ ተወልውሏል። ድሮ የነበረውን ዋጋ እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ለሰብሳቢ ከውስጡ ዕቃ በቀር ምንም የለውም። ካርድ ጻፊለት ብትሉኝ 'የተነካ' ብዬ የምጽፈው እኔው ነኝ፤ አልዋሽላችሁም።»

ትንፋሽ ወሰደች። ወደ አባቷ ዞረች።

«አባባ፣ እዚህ ያሉት ሰዓቶች ማንም ቢገዛቸው ያው ናቸው። ይኼ ግን ከእኔ በቀር ለማንም አይሆንም። ሰውየው ለሌላ ለማንም እንዳይሆን አድርጎ ነው የሠራው። እንዲህ ያለ ዕቃ እንዴት እንደሚገመት ግን አላስተማሩኝም።»

አባቷ ያንን ወተት የመሰለ ፊት ያስታውሱ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እንደ ሰው አዝነውለታል። ክፉ ሰው አይደሉም። የሚወዱትን ከመንካት በቀር ሁሉን የሚችሉ ሰው ናቸው።

«እናትሽም አንድ ጊዜ ጠይቃኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ፤ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «የገዛሁላትን ሰዓት። ለአንድ ቀን ልሰረው አለችኝ። ይጫራል አልኳት። ደግማ አልጠየቀችኝም።» ወደ ፎቁ ቀና አሉ። «አሁንም ካዝና ውስጥ ነው። አንድ ጭረት የለበትም።»

ሂጂ አላሏትም፤ አትሂጂም አላሏትም። ከበሩ ፈቀቅ አሉና አጠገባቸው ያለውን፣ ምንም ያልተዛነፈ ካርድ ያስተካክሉ ጀመር። ገማቿ በአጠገባቸው ስታልፍ አቅፋቸው ብታለቅስ በወደደች።

* * *

ጭምቱ ሳጥኑን በገመድ እያሰረ ነበር። በሩ ሲከፈት ቀና አላለም።

«ተዘግቷል» አለ።

መልስ ሲያጣ ዞረ። ዓይኑ እንደ ሰብሳቢዎቹ መጀመሪያ እጇ ላይ አረፈ። ገመዱን ለቀቀው።

«አሰርሽው።»

«አሰርኩት።»

ከዚያ እሷ ናት የተናገረችው፤ በአንድ ትንፋሽ፣ ሳታስተካክል። «አፍሬብህ አይደለም። እኛ ቤት የሚሳሱለት ነገር ይቆለፋል። ሌላ መንገድ አላውቅም ነበር። በየጠዋቱ አየው ነበር። ደብዳቤው ላይ የጻፍኩልህ እኮ… እኔ ከዚያ በላይ ለማንም ጽፌ አላውቅም። ለምን አልጠየቅከኝም? አንድ ቃል! 'አፈርሽብኝ?' ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«አዎ ብትዪኝስ?» አለ ጭምቱ።

ገማቿ ባዶው መደርደሪያ ላይ ተደገፈች። ውጭ እህቱ ዕቃ ስትጭን ድምጿ ይሰማል፤ ሆን ብላ እየጮኸች፣ ሆን ብላ እየዘገየች።

«አንተስ ለምን አጠፋኸው?» አለች ገማቿ ቀስ ብላ። «አባባ በዚያ ሰዓት የተነሳ ወደውህ ነበር። ትንሽ ብትታገሥ እኔን ይሰጡህ ነበር።»

ጭምቱ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ እጁ ንጹሕ ነበር። ከዚያ በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር ተናገረ።

«ያን ቀን ያ ወንበር ላይ ያስቀመጡት እኔን አይደለም። ሰዓቱን ነው። እኔ ከሥሩ የተገኘሁ እጅ ነበርኩ። ፈራሁ። ሰዓቱን ብለው ቢሰጡኝ፣ አንድ ቀን ሰዓቱ ቢጠፋ እኔ ምን ልሆን ነው አልኩ። ደግሞ…» ቆመ። «አንቺ ቤት ያለውን ዕቃ ሁሉ ሌላ ሰው ይመኘዋል። ይመጣሉ፣ ያያሉ፣ ይጫረታሉ። አንድ ነገር እንኳ አንቺ ብቻ የምትፈልጊው እንዲኖርሽ ፈለግኩ። አባቴም ቢያዩት የሚቆጡ አይመስለኝም። ሳጥኑን ስትከፍቺ 'ምን አደረግከው' አልሽ። ያኔ ብቻዬን የፈለግኩት መሰለኝ።»

«ብቻህን አልነበርክም» አለች። እንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም። «ያን ዕለትም ብቻህን አልነበርክም።»

ተጠጋ። እጇን ያዘ፤ ከስንት ትሪ፣ ከስንት «እሺ» በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሊስመው መሰላት። እሱ ግን አንስቶ ጆሮው ላይ አስጠጋውና ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ሰዓት ሠሪ ነውና ምን ታደርጉታላችሁ።

«ያነክሳል» አለ። «ሳይሠራ ስለከረመ ዘይቱ ደርቋል። ወደ ኋላ እየቀረ ነው። ከሞላሽው ወዲህ እንኳ ጥቂት ደቂቃ የቀረ ይመስለኛል።»

«ሌላስ ምን ይሰማሃል?»

ዓይኑን ሳይከፍት ፈገግ አለ። ከሰዓቱ ሥር የደም ሥሯ ይመታ ነበር፤ ያኛው ወደ ፊት ይሮጣል። እጇን ከጆሮው ሳያወርድ ብዙ ቆየ፤ እሷም ይቁም አላለችም።

ከውጭ የመኪናው ጥሩንባ ተሰማ። ጭምቱ ብንን አለ። ከታሰረው ሳጥን ውስጥ ትንሿን መፍቻ ጎትቶ አወጣ።

«አውልቂልኝ። ሳልሄድ አስተካክለዋለሁ። ቶሎ ነው።»

«ቃልህን ሰጥተሃል፤ አትቅር አልልህም» አለች ገማቿ። «ሁለት ዓመቱንም እጠብቅሃለሁ። ይህን ግን አላወልቅም።»

«እጅሽ ላይ እንዳለ አይሆንም እኮ። እንዲሁ ከተውነው በየቀኑ ወደ ኋላ ይቀራል።»

«ይቅር።» እጇን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። «አታስተካክለው። ከተማው ሁሉ ሄደ በሚልበት ሰዓት እኔ ጋ ገና ትሆናለህ። ያንን ደቂቃ አትውሰድብኝ።»

ጭምቱ መፍቻውን እንደያዘ ቆመ። በሕይወቱ ሙሉ የተሳሳተ ሰዓት አይቶ አልፎ አያውቅም፤ በእንግድነት የሄደበት ቤት እንኳ የግድግዳ ሰዓት ያስተካክላል እየተባለ ይሳቅበታል። ወደ ሰዓቱ አየ። ወደ እሷ አየ። መፍቻውን ሳጥኑ ውስጥ መልሶ ከተተው።

«በየጠዋቱ ሙዪው» አለ። «እንዳይቆም ብቻ።»

«እሞላዋለሁ።»

«ይጫርም። አይቆጨኝም።»

«አውቃለሁ።»

ጥሩንባው ደገመ። እህቱ በሩ ላይ ብቅ አለችና ሁለቱን አይታ፣ ልትናገር የመጣችውን ውጣ፣ ሳጥኑን ራሷ አንስታ ወጣች። ጭምቱ በመጨረሻ ጎንበስ አለ። የሳመው ሰዓቱን አይደለም፤ ማሰሪያው ጋ የሚያልቀውን፣ ዓመት ሙሉ በመስታወት ጀርባ ሆኖ ያየውን ባዶ እጇን ነው።

መኪናው ተነሳ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ከመስኮቱ የወጣ እጅ ታየ፤ ከዚያ አልታየም። ከሩቅ የከተማው አደባባይ ሰዓት ሲደውል እህቱ ወደ ባዶው ሱቅ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ገማቿ ግን እጇን ቀና አድርጋ አየች። በእሷ ሰዓት ሊሄድ ገና ጥቂት ደቂቃ ይቀረው ነበር፤ እነዚያንም ደቂቃዎች በሩ ላይ ቆማ ከእሱ ጋር ጨረሰቻቸው።